ስድስተኛዋ ነጥብ

በሴቱባል ከተማ፣ ከወደቡ በላይ፣
እሁድ ከሰዓት ነው፣ ያካፋል ከሰማይ።
አለቃ ቤልሚሮ ጉልበቱን ታቅፎ
ጋዜጣ ዘርግቷል፣ ክርኑን አስደግፎ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ ኖሮ፣
ጥቁርና ነጩን በመዶሻ ሰብሮ፣
ለከተማው እግር ድንጋይ ያነጠፈ፣
ዛሬ ጉልበቱ ነው ድንጋይ ሆኖ ያረፈ።

እኔ፣ ዜፈሪኖ፣ የድሮ ረዳቱ፣
በጨው የራሰ ግብጦ እየላጥሁ ከፊቱ፣
እሱ ሥዕሉን ሲያይ እኔ እሱን አያለሁ።
ሦስተኛ እሁዱ ነው። ይኸው ቆጥሬያለሁ።

አሥራ አንድ ቁራሽ መሬት፣ ድንበር የሚጋራ፣
ገሚሱ እንደ ኖራ፣ ገሚሱ እንደ ቁራ።
ሕጉ አጭር ነው፤ አንዱን ብትነካ ይገለበጣል፣
ከሱ ጋር የሚዋሰን ሁሉ ይለወጣል፤
ጥቁሩ ይነጣል፣ ነጩ ይጠቁራል፤
ሁሉም ነጭ ሲሆን ጨዋታው ያበቃል።

ምን ይከብዳል ብዬ፣ በመጀመሪያው ዕለት
አንዱን ጥግ ነካሁት፤ ነጣልኝ በቅጽበት።
ከጎኑ ያለው ግን፣ ነጭ የነበረው፣ ከሰለ፤
እሱን ላነጣ ስል ሌላው ተከተለ።
የድሃ ብርድ ልብስ ነው፣ አጭር፣ የክረምት ለት፦
ራስን ሲያለብሱት እግርን ያወጣል ለሌሊት።

እሱ በእርሳስ ነጥቦ፣ በላጲስ ፈትጎ፣
ወረቀቱን አሳስቶ፣ ወንፊት አድርጎ፣
የጀርባው ገጽ ዜና፣ የሳርዲኑ ዋጋ፣
በስሱ ይነበባል ከሥዕሉ ጋ።
መሐል ላይ አንዲቱ፣ ጅራታም፣ ጥቁር፣
ሦስት እሁድ እንቢ አለች፤ ላትነጣ፣ ላትዞር።

ፌሊስሚና ከጓዳ፣ ሰሃን እያጠበች፣
ፊቷን ሳትመልስ እንዲህ ትላለች፦
«ያንኑ ደጋግመህ ምን ያነካካሃል?
ሁለቴ የነኩት እንዳልነኩት ይሆናል።
ከዚህም ጀምረው፣ ከዚያም ጀምረው፣ ያው ነው፤
ወይ አንዴ ወይ ምንም፤ ሌላው ድካም ብቻ ነው።»

እሱ አልሰማትም። እኔ ሰማሁ።
እህቴ ትዝ አለችኝ፣ ኤውላሊያ። ተጣልተን፣ ታርቀን፣
ደግሞ ተጣልተን ታርቀን፣ ዛሬም እዚያው ነን።
ይሁን። ወደ ሥዕሉ።

ድንገት አለቃዬ እርሳሱን አኑሮ
ሥዕሉን ዳበሰው፣ እንደ ንጣፍ፣ እንደ ድሮ።
«አንተ ልጅ» አለኝ። ሃምሳ ስምንቴን ይዣለሁ።
«ድንጋይ ሲወልቅብህ ቀድመህ ምን ታያለህ?»
«ጎረቤቶቹን ነው፤ እነሱ ይላላሉ።»
«እጄ ያውቀው ኖሯል፤ ዓይኖቼ ይስታሉ።
ደግሞስ ከመሐል ላይ ማን ንጣፍ ጀምሯል?
ከዳር ነው፣ ከግንቡ፣ ከጠርዙ ይሠራል።»

ዳር ያለችውን ያዘ፣ አንድ ጎረቤት ያላትን፤
«ወይ እሷን ወይ እሱን፤ ከንቱ ነው ሁለቱን።»
ነጥብ።
ዝም አለ።
ነጥብ።
ዝናቡ ከመስኮቱ ጋር ሲያወራ፣ አምስት ነጥብ።
ያችን ጅራታሟን በጭራሽ አልነካት፤
ጎረቤቶቿ ናቸው ገልብጠው ያነጧት።

ልሙጥ ወረቀት ላይ ደግሞ አዛወረው፤
ጥቁር አንድም የለም፤ ድንበር ብቻ ቀረው።
ፌሊስሚና መጣች፣ እጇን በሽርጧ እያደረቀች፤
«የታል ታዲያ?» አለች። «ባዶ ነውኮ!» አለች።
አለቃዬ ዝም አለ። አየው፣ ደግሞ አየው።
«ይህን ለማግኘት ነው ሦስት እሁድ ያለቀው?»
እርሳሱን አንስቶ፣ መሐል፣ ጅራታሟ ላይ፣
ስድስተኛ ነጥብ። እሷና ሦስት ጎረቤቶቿ ጠቆሩ አንድ ላይ።
«ዓሣ ናት» አለ፣ ደስ ብሎት።
እኔን ጫማ መሰለችኝ።
ዓሣ ናት አልኩት።

ማምሻ ላይ ስመለስ በአደባባዩ በኩል፣
አብረን ያነጠፍነው መርከብ ረጥቦ ተኝቷል፤
ሸራው ነጭ፣ ሆዱ ጥቁር። ሆዱ ውስጥ ግን አንዲት ነጭ ድንጋይ፣
በሃያ ዓመቴ፣ በጥድፊያ፣ በስህተት የተከልኳት፣ ምሽት ላይ።
ያኔ አይቷል። ቆሞ አይቷል። አልወጣውም አንዲት ቃል።
ጎንበስ ብዬ ነካኋት።
ጎረቤቶቿ ጠበቅ አድርገው ይዘዋታል።